ሞተሩ አየር ላይ ሲያንገራግር፦ ትንሿ አውሮፕላንና አራቱ ደቂቃዎች

እስቲ አንድ ነገር አስቡ። ጠዋት ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። አራት ሰው ብቻ በምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ከአብራሪዋ ጎን ተቀምጣችኋል። ከመሬት 900 ሜትር ያህል ከፍ ብላችኋል። ከታች ማሳው፣ መንገዱ፣ የቤቱ ቆርቆሮ ሁሉ አሻንጉሊት መስሎ ይታያል። የሞተሩን ጩኸት ጆሯችሁ ስለለመደው ረስታችሁታል። ድንገት ድምፁ ተቀየረ። ሞተሩ አንገራገረ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ዝም አለ።

ፊልም ቢሆን አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ደፍታ እንደ ድንጋይ ቁልቁል ትወርድ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አውሮፕላኗ መብረሯን ትቀጥላለች፤ እናንተም አራት ደቂቃ ገደማ አላችሁ። አራት ደቂቃ ሻይ ለማፍላት እንኳ አይበቃም። ለሠለጠነ አብራሪ ግን ብዙ ሥራ ይሠራበታል።

እነዚህ አራት ደቂቃዎች ከየት መጡ? አብራሪዋስ ምን ትሠራባቸዋለች? ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አለ፦ ከሞተ ሞተር ይልቅ ግማሽ የሞተ ሞተር ብዙ ሰው ያሳስታል። ለምን? አንድ በአንድ እንያቸው።

አየር ላይ የሚይዛችሁ ሞተሩ አይደለም

ብዙ ሰው አውሮፕላንን አየር ላይ የሚይዘው ሞተሩ ይመስለዋል። አይደለም፣ ክንፉ ነው። ክንፉ ወደፊት ሲሄድ የሚያገኘውን አየር ወደ ታች ይገፋል፤ አየሩ ደግሞ ክንፉን መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ትምህርት ቤት የተማራችሁት የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ማለት ነው። የሞተሩ ሥራ ክንፉ ወደፊት መሄዱን እንዳያቆም ማድረግ ብቻ ነው።

ሞተሩ ሲጠፋ ታዲያ ወደፊት የሚያስኬድ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ በነፃ አለ፦ የመሬት ስበት። ከእንጦጦ ቁልቁል በሳይክል ስትወርዱ ፔዳሉን ሳትረግጡ ትሄዱ የለ? ሹፌሮች በቁልቁለት መኪናውን «በፎሌ» ሲለቁትም ያው ነው። የሚያስኬዳችሁ ወደ ላይ ስትወጡ ያጠራቀማችሁት ጉልበት ነው። አሞራም ክንፉን ሳያራግብ ረጅም መንገድ የሚንሳፈፈው ከፍታውን በርቀት እየመነዘረ ነው። ለአብራሪም ከፍታ ማለት የተቀመጠ ገንዘብ ነው፤ ሞተር ሲጠፋ እሱን እየመነዘረች ትሄዳለች።

ምን ያህል ርቀት ይገዛል? ሴስና 172ን እንውሰድ። በ1955 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረች፣ ከ44,000 በላይ የተሠራች፣ በዓለም ላይ በብዛት የተመረተች አውሮፕላን ናት። ሞተሯ ጠፍቶም ቢሆን 1 ሜትር ዝቅ ባለች ቁጥር 9 ሜትር ገደማ ወደፊት ትሄዳለች። ስለዚህ ከ900 ሜትር ከፍታ 8 ኪሎ ሜትር ያህል መንሳፈፍ ትችላለች። የምትንሳፈፍበት ፍጥነት 65 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ፍጥነት በየሰከንዱ 3.7 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። 900ን ለ3.7 አካፍሉ፦ 243 ሰከንድ። አራቱ ደቂቃ የመጣው ከዚህ ነው።

ትልልቆቹም እንዲሁ ናቸው። በጁላይ 23 ቀን 1983 እ.ኤ.አ. የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ከ12,000 ሜትር በላይ ሆኖ ነዳጅ ጨረሰ። ጥፋቱ የሒሳብ ነበር። ሊትሩን ወደ ኪሎ ግራም ሲቀይሩ በ0.8 ገደማ ማባዛት ሲገባቸው በ1.77 አባዙት፤ 1.77 የፓውንድ ቁጥር ነው። አውሮፕላኑ ከሚያስፈልገው ግማሹን እንኳ ሳይዝ ተነሳ። ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አብራሪዎቹ ግን አንሳፈው ጊምሊ በምትባል ከተማ አጠገብ በነበረ የድሮ የጦር አየር ማረፊያ ላይ አሳረፉት። ከ69ኙ ሰዎች አንድም አልሞተም። የክፍላችሁ መምህር «ዩኒቱን ጻፉ!» እያሉ ቢጨቀጭቁ ነገሩ ወዲህ ነው።

አንደኛ፦ ፍጥነት

ሞተሩ ዝም ሲል የአብራሪዋ እጅ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ሬዲዮ ማንሳት አይደለም። አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ ትክክለኛውን የመንሳፈፊያ ፍጥነት ትይዛለች።

ይሄ ከደመ ነፍስ ጋር ይጣላል። መሬት እየቀረበ ሲመጣ ሰው መሪውን ወደ ራሱ መሳብ፣ አፍንጫውን ቀና ማድረግ ያምረዋል። ግን ሞተር በሌለበት አፍንጫ ቀና ሲል ፍጥነት ይቀንሳል፣ ክንፉም የሚመጣውን አየር በሰፋ አንግል ይቀበላል። አንግሉ ከ15 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ አየሩ ከክንፉ ላይኛ ገጽ ይላቀቃል፣ የማንሳት ኃይሉም በአንዴ ይወርዳል። አብራሪዎች «ስቶል» ይሉታል። መሬት አጠገብ ስቶል ከመጣ ለማስተካከያ የሚሆን ከፍታ የለም።

በጣም መፍጠንም አያዋጣም። ፍጥነት ሲበዛ የአየሩ ተቃውሞ ይበዛል፣ ከፍታ በከንቱ ይባክናል። ከሁለቱ መካከል ከፍታው በጣም ቆጥቦ የሚመነዘርበት አንድ ፍጥነት አለ። ለእያንዳንዷ አውሮፕላን በመመሪያዋ ተጽፏል፣ አብራሪዋም በቃሏ ታውቀዋለች።

በየአገሩ ያሉ የበረራ አስተማሪዎች አንድ ቅደም ተከተል ይደጋግማሉ፦ መጀመሪያ አብር፣ ቀጥሎ የት እንደምትሄድ እወቅ፣ በመጨረሻ ተናገር። ቀላል ይመስላል። ልብ ሲመታ ግን ሰው ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ ማስረዳት ይጀምርና ማብረር ይረሳል።

ሁለተኛ፦ የት ይረፍ?

አብራሪዋ አሁን ቦታ ትመርጣለች። 8 ኪሎ ሜትር መንሳፈፍ ይቻላል ማለት ግን 8 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለውን ሜዳ መምረጥ አለባት ማለት አይደለም። ነፋስ አለ፣ መዞር አለ፣ ስሕተት አለ። ቅርብ ያለ ደህና ሜዳ ሩቅ ካለ ግሩም ሜዳ ይሻላል።

ምን ታያለች? ስፋትና ርዝመት፣ ዳገትና ቁልቁለት፣ ዛፍና ድንጋይ። የታረሰ ማሳ ከሆነ ትልሙን ተከትላ እንጂ ትልሙን አቋርጣ አታርፍም። አስፋልት መንገድ ከላይ ሲታይ ያጓጓል፤ ግን መኪና፣ ሰውና የኤሌክትሪክ ሽቦ አለበት። ሽቦ ከአየር ላይ አይታይም፤ የሚታየው ምሰሶው ነው። ስለዚህ ምሰሶ ካየች ሽቦ አለ ብላ ታስባለች።

ከዚያ ነፋሱ። ጭስ ወዴት ያዘነብላል? አቧራውስ? ሣሩስ? በነፋሱ ፊት ለፊት ማረፍ ትፈልጋለች። ለምን እንደሆነ እናስላው። አውሮፕላኗ በአየሩ ውስጥ በ60 ኖት ብትሄድና ነፋሱ 15 ኖት ቢሆን፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛ ስታርፍ መሬትን የምትነካው በ45 ኖት ነው። ነፋሱን ከኋላ አድርጋ ካረፈች ግን በ75 ኖት። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል አይደል? የእንቅስቃሴ ጉልበት ግን ከፍጥነት ካሬ ጋር ነው የሚያድገው። 75 ሲባዛ በ75 እና 45 ሲባዛ በ45 አወዳድሩ፤ የመጀመሪያው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ያ ጉልበት የሆነ ቦታ ማለቅ አለበት፦ በሣሩ፣ በጎማው፣ በክንፉ ወይም በሰዎቹ ላይ።

አንድ ስሌት እንጨምር። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ነገር ከስበት 9 እጥፍ በሆነ ግፊት እኩል እየቀነሰ ቢቆም የሚያስፈልገው ርቀት 3 ሜትር እንኳ አይሞላም። ጥሩ ቀበቶ ያሰረ ሰው እንዲህ ያለውን ግፊት ለአፍታ ሊቋቋም ይችላል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን ርቀቱ አራት እጥፍ፣ 11 ሜትር ገደማ ይሆናል። ለዚህ ነው አብራሪዎች «አውሮፕላኗን ሳይሆን ሰዉን አድን» ተብለው የሚማሩት። ክንፉ ቁጥቋጦ ውስጥ ቢሰበር ይሰበር፤ የተሰበረው ክንፍ ጉልበቱን ከእናንተ ፋንታ በልቶታል።

ሦስተኛ፦ ሞተሩ ምን ነካው?

ፍጥነቱ ከተያዘ፣ ሜዳው ከተመረጠ በኋላ ጊዜ ካለ አብራሪዋ ሞተሩን ለመቀስቀስ ትሞክራለች። የሚቃጠል ነገር ሁሉ ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ሞተርም ያው ነው፦ አየር፣ ነዳጅ፣ እሳት። ከሦስቱ የጎደለውን ነው የምትፈልገው።

ነዳጅ፦ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚህ ነው፣ ደግሞም ያሳፍራል። አንዱ ታንክ አልቆ በሌላው ክንፍ ውስጥ ያለው ነዳጅ ሙሉ ሊሆን ይችላል። የመምረጫዋን እጀታ ወደ ሌላኛው ታንክ ወይም ወደ «ሁለቱም» ማዞር ብቻ ሞተሩን ይመልሰዋል። ሌላው ጠላት ውኃ ነው። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታንኩ ሥር ይተኛል። ለዚህ ነው አብራሪዎች ከመነሳታቸው በፊት ከታንኩ ሥር በትንሽ ብርጭቆ ቀድተው ወደ ብርሃን ይዘው የሚያዩት። የተለመደው የትናንሽ አውሮፕላን ቤንዚን ሰማያዊ ቀለም ይጨመርበታል፤ ውኃ ካለ ከሥሩ ተለይቶ ይታያል። የጄት ነዳጅ በስሕተት ቢሞላም ቀለሙ ሊያሳብቅ ይችላል።

እሳት፦ የትናንሽ አውሮፕላኖች ሞተር በእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ አለው። ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ሁለት የተለያዩ ማግኔቶዎች አሉ። ማግኔቶው በሞተሩ በራሱ እየተዞረ ነው የሚያመነጨው፤ ባትሪ አይፈልግም። ስለዚህ ባትሪው ቢሞት፣ የዳሽቦርዱ መብራት በሙሉ ቢጠፋ እንኳ ሞተሩ አይጠፋም። አንዱ ማግኔቶ ቢበላሽም በሌላው ይሠራል። አብራሪዋ ቁልፉ «ሁለቱም» ላይ መሆኑን ታረጋግጣለች።

አየር፦ ይሄኛው በጣም ደስ የሚል ፊዚክስ አለው። ካርቡሬተር ባላቸው ሞተሮች አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ይቀዘቅዛል። እዚያው ላይ ቤንዚኑ ይተናል። እጃችሁ ላይ አልኮል ሲፈስ የሚሰማችሁን ቅዝቃዜ አስታውሱ፤ መትነን ሙቀት ይሰርቃል። ሁለቱ ተደምረው የአየሩን ሙቀት በ30 እና ከዚያም በላይ ዲግሪ ሊያወርዱት ይችላሉ። ስለዚህ ውጭው 20 ዲግሪ ሞቆ፣ አየሩ እርጥበት ካለው፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ በረዶ ይሠራል! በረዶው የአየሩን መንገድ እያጠበበ ሞተሩን ያንቀዋል። በክረምት የአዲስ አበባን አየር ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ ለብ ያለና እርጥብ አየር ለዚህ በረዶ የተመቸ ነው።

መድኃኒቱ ከጭስ ማውጫው ጎን የሞቀ አየር ወደ ካርቡሬተሩ የሚያስገባ እጀታ ነው። ግን ወጥመድ አለው። እጀታው ሲሳብ ሞተሩ መጀመሪያ ይብስበታል። ሞቃት አየር ስስ ስለሆነ ኃይሉ ይቀንሳል፤ የቀለጠው ውኃም በሞተሩ ውስጥ ሲያልፍ ያንቀጠቅጠዋል። ያልተማረ ሰው «አባባስኩት» ብሎ እጀታውን ይመልሰዋል፣ በረዶውም ይቀራል። የተማረ ሰው ይታገሣል፤ በረዶው ከቀለጠ ሞተሩ ይመለሳል።

አራተኛ፦ መናገርና መዘጋጀት

አሁን ሬዲዮው። «ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ»። ቃሉ የመጣው «እርዱኝ» ከሚል የፈረንሳይኛ አባባል ነው፤ ሦስት ጊዜ የሚባለው ደግሞ በጩኸት መሐል ከሌላ ነገር ጋር እንዳይምታታ ነው። ከተቆጣጣሪ ጋር እየተነጋገረች ከነበር በዚያው መስመር ትናገራለች፤ ካልሆነ 121.5 ሜጋኸርዝ ለአደጋ ጊዜ የተለየ መስመር ነው። ጊዜ ካለ በአውሮፕላኗ ምልክት ሰጪ ላይ 7700 ትሞላለች፤ ያኔ ተቆጣጣሪዎች በራዳር ስክሪናቸው ላይ አደጋ እንዳለ ያያሉ። ብዙ ትናንሽ አውሮፕላኖች በግጭት ጊዜ ራሱን የሚያበራና በ406 ሜጋኸርዝ ለሳተላይት ምልክት የሚልክ መሣሪያም አላቸው።

ሞተሩ እንደማይመለስ ሲረጋገጥ ከማረፉ በፊት ነዳጁ ይዘጋል፣ ማግኔቶው ይጠፋል፣ መጨረሻ ላይ ዋናው ኤሌክትሪክ ይቆረጣል። እሳት እንዳይነሳ ነው። በሩ ደግሞ መሬት ከመንካት በፊት በትንሹ ይከፈታል። የሚገርም ይመስላል፣ ግን ምክንያት አለው፦ የበሩ ፍሬም በግጭት ከተጣመመ የተዘጋ በር አይከፈትም።

የማይመለሱበት መዞሪያ

እስካሁን 900 ሜትር ላይ ነበርን። ሞተሩ ገና ተነስታችሁ 200 ሜትር ላይ ቢጠፋስ? ከኋላችሁ ረጅም፣ ለስላሳ፣ የምታውቁት መንደርደሪያ አለ። መዞር ብቻ ነው። ቀላል አይደለም እንዴ?

አስሉት። መጀመሪያ ሰው ደንግጦ የሆነውን እስኪያምን ጥቂት ሰከንድ ያልፋል። 180 ዲግሪ ብቻ ብትዞሩ ከመንደርደሪያው ጎን ትወጣላችሁ እንጂ መንደርደሪያው ላይ አትደርሱም፤ ለመመለስ ተጨማሪ መዞር ያስፈልጋል፤ በጠቅላላው 225 ዲግሪ እንበል። በየሰከንዱ 3 ዲግሪ ብትዞሩ 75 ሰከንድ ነው። በየሰከንዱ 4 ሜትር ዝቅ ካላችሁ 300 ሜትር። ያላችሁ ግን 200 ሜትር ነው።

«በፍጥነት ልዙራ!» ትሉ ይሆናል። ጠበቅ አድርጎ ለመዞር ክንፉን ማዘንበል ያስፈልጋል። 45 ዲግሪ ስታዘነብሉ ክንፉ የሚሸከመው በ41 በመቶ ይጨምራል፣ ስቶል የሚመጣበት ፍጥነትም በ19 በመቶ ከፍ ይላል። ይዞሩ የነበሩ ብዙ አውሮፕላኖች የወደቁት እዚህ ላይ ነው፤ መሬት እየቀረበ፣ አፍንጫ ቀና እየተደረገ፣ ክንፉ ተዘንብሎ ስቶል ይመጣል። አብራሪዎች ይህንን «የማይቻለው መዞር» ይሉታል። በቂ ከፍታና ልምምድ ካለ ይቻላል፤ ዝቅ ባለ ከፍታ ግን ፊት ለፊት ካለው ነገር ውስጥ የተሻለውን መምረጥ ያተርፋል።

ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁ። የፊልም ተዋናዩ ሃሪሰን ፎርድ በማርች 5 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ከሳንታ ሞኒካ አየር ማረፊያ በ1940ዎቹ መጀመሪያ በተሠራች አሮጌ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ብቻውን ተነሳ። ብዙም ሳይቆይ ሞተሩ ኃይል አጣ። ለማማው ተናገረ፣ ወደ ማረፊያው መዞር ጀመረ። ግን እንደማይደርስ ሲያውቅ ሙከራውን ትቶ ከፊቱ ያለውን የጎልፍ ሜዳ መረጠ። ሲወርድ የዛፍ ጫፍ ነካ፣ አውሮፕላኗ ተጎዳች፣ እሱም ክፉኛ ቆሰለ። ግን ዳነ፤ መሬት ላይ የነበረም ማንም አልተጎዳም። መርማሪዎች ሲያዩት በካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚመጥነው ትንሽ ቱቦ ከቦታው ተፈትቶ ነበር። ነዳጅ በዛ እንጂ አላነሰም፤ ሞተሩ በነዳጅ ታነቀ። ልብ በሉ፣ ያዳነው ሞተሩን መጠገኑ አይደለም። የመጀመሪያው ዕቅዱ እንደማይሆን ሲያይ በጊዜ መተዉ ነው።

ግማሽ የሞተ ሞተር

አሁን ወደዚያ የሚገርም ነገር እንምጣ። የአውስትራሊያ የትራንስፖርት ደህንነት ቢሮ ከ2000 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች ከተነሱ በኋላ የደረሰባቸውን የሞተር ችግር ቆጠረ። ሞተሩ ጨርሶ የጠፋባቸው 75 ነበሩ። ሞተሩ ኃይሉን በከፊል ብቻ ያጣባቸው ደግሞ 242። ከ75ቱ ውስጥ ሰው የሞተበት አንድም አልነበረም። ከ242ቱ ውስጥ ግን 9ኙ ሰው ገድለዋል።

እንዴት ነው ነገሩ? ጥቂትም ቢሆን የሚሠራ ሞተር ከማይሠራ አይሻልም?

ለሞተሩ ይሻላል፤ ለአእምሮ ግን አይሻልም። ሞተሩ ጨርሶ ሲጠፋ ጥያቄው አንድ ነው፦ የት ልረፍ? ግማሹ ሲሠራ ግን ተስፋ ይመጣል። «ምናልባት ማረፊያው ድረስ ያደርሰኝ ይሆናል።» አብራሪው ደህናውን ሜዳ አልፎ ይሄዳል፣ ከፍታ ላለማጣት አፍንጫውን በጥቂቱ ቀና ያደርጋል፣ ፍጥነቱ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከዚያ ሞተሩ ጨርሶ ይጠፋል፤ ከሥሩም ሜዳ የለም፣ ፍጥነትም የለም። አያቶቻችን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚሉት ለዚህ የተባለ ይመስላል።

ስለዚህ የሚሰጠው ትምህርት እንዲህ ነው። ግማሽ የሚሠራን ሞተር ማንኛውም ሰዓት ሊከዳ እንደሚችል ቁጠረው። ኃይሉ ፍጥነቱን ሳይነካ ከፍታውን ካስጠበቀልህ ተጠቀምበት፤ ግን ዘወትር ሞተሩ ቢጠፋ ልትደርስበት የምትችለው ሜዳ ከሥርህ ይኑር። ኃይሉ ፍጥነትና ከፍታን አብሮ ካልያዘልህ ደግሞ ጥሩውን ሜዳ በኃይል እየታገዝክ አሁኑኑ እረፍበት።

ደጋ ላይ ሲሆን

አንድ የአገራችን ጉዳይ እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ እፍጋት ባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው አየር ስላነሰ ኃይሉም በዚያው ልክ ያንሳል። ክንፉም ያንኑ የማንሳት ኃይል ለማግኘት በስሱ አየር ውስጥ በ12 በመቶ ገደማ መፍጠን አለበት። ይህ ማለት መሬት ሲነካ ያለው ጉልበት በ25 በመቶ ይበልጣል ማለት ነው።

ሌላም አለ። ለባሕር ጠለል የሚሆን የነዳጅ መጠን እዚህ ይበዛል። የአብራሪው መመሪያ «ድብልቁን አወፍር» ቢል እንኳ ደጋ ላይ አላግባብ የወፈረ ድብልቅ ራሱ ሞተሩን ሊያደክመው ይችላል። ዝርዝሩን በቃል መያዝ ጥሩ ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ለምን እንደተጻፈ ማወቅ ግን የበለጠ ነው።

እናንተ ብትሆኑስ?

አብራሪ ባትሆኑም አንድ ቀን በትንሽ አውሮፕላን ትሳፈሩ ይሆናል። ሞተሩ ቢያንገራግር ሥራችሁ ትንሽ ነው፣ ግን ሥራ ነው። ቀበቶውን በደረትም በወገብም አጥብቁ። መነጽርና ስለታም ነገር ከኪስና ከፊት አውጡ። በሩ እንዴት እንደሚከፈት ከመነሳታችሁ በፊት እወቁ። ሜዳ ወይም ሽቦ ካያችሁ ባጭሩ ተናገሩ፤ ካልተጠየቃችሁ ሌላ ወሬ አትጨምሩ። መሪውንና የእግር መርገጫውን አትንኩ።

አብራሪ መሆን ለምትፈልጉ ደግሞ አንድ ልማድ ልንገራችሁ። ጥሩ አብራሪ መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ቆማ፣ ሞተሩ ደህና እየሠራ ሳለ፣ ድምፅዋን አውጥታ እንዲህ ትላለች፦ «ከመሬት ሳልላቀቅ ቢጠፋ ፍሬን ይዤ እቆማለሁ። ከዚህ ከፍታ በታች ቢጠፋ ፊት ለፊት አርፋለሁ። ከዚህ በላይ ቢጠፋ እዞራለሁ።» ይህን የምትለው ስለምትፈራ አይደለም። የደነገጠ አእምሮ አዲስ ነገር ማሰብ ይከብደዋል፣ ቀድሞ የተወሰነውን ግን ማስታወስ ይችላል። ከባዱን ውሳኔ መሬት ላይ፣ ተረጋግታ፣ ጊዜ እያላት ጨርሳዋለች።

አራቱ ደቂቃ ሲመጣ ታዲያ የቀራት መፈጸም ብቻ ነው።